ከሽንፋ የመጣች ሚሞሪ

ከሽንፋ ከተማ በትራክተር ሦስት ሰዓት ወደ ውስጥ በሚያስኬደው የሐጂ ኡመይር የሰሊጥ እርሻ፣ ኔትወርክ የሚገኘው አንዲት ጉብታ ላይ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ሲለምኑት ይጠፋል፣ ሲተዉት ብቅ ይላል። ጉብታዋ ላይ ጽሑፍ ያልፋል፤ ድምፅ ግን አያልፍም።

ይህንን ከሩፊዳ ኡመይር በላይ የሚያውቅ የለም። የሐጂ ልጅ ብትሆንም በመተማ ከተማ ኮሌጅ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህርት ናት። «ኔትወርክ ሲደክም ዋናውን ነገር በጽሑፍ ላኩት፤ ድምፅ ይከብዳል፣ መንገድ ላይ ይቀራል» እያለች በየዓመቱ የምታስተምረውም እሷው ናት። ምን ዋጋ አለው! ፍቅር የያዘው መምህር የራሱን ትምህርት ለመርሳት የመጀመሪያው ነው።

ጥቅምት በገባ በሁለተኛው ሐሙስ ጠዋት፣ የሂጃቧን ጫፍ ንፋሱ እንዳይወስድባት በጥርሷ ይዛ ጉብታዋ ላይ ወጣች። ከሥሯ እርሻው እስከ ዓይን ማብቂያ ተዘርግቷል። ከደጋ ለአጨዳ የወረዱት ሠራተኞች፣ ቆላው ሳሉግ የሚላቸው፣ ሰሊጡን እያጨዱ ነዶውን ራስ ለራስ አደጋግፈው ያቆማሉ። ይህ የቆመ ክምር ሂላ ይባላል። ሐጂ ኡመይር የአጨዳ ሰሞን ልጆቻቸው በሙሉ እርሻው ላይ ካልተገኙ እህል አይወርድላቸውም፤ ሩፊዳም የዓመት ፈቃዷን ወስዳ የመጣችው ለዚያ ነው።

ስልኳን ስትከፍት ባትሪው አራት በመቶ ይላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ከትናንት በስቲያ የተላከ አንድ መልእክት አለ።

«ሩፊ፣ ከዚህ በኋላ መጠበቅ አልችልም። ቅዳሜ ሁለት ሽማግሌዎች ወደ አባትሽ እልካለሁ። እርሻው ድረስ ይመጣሉ።»

ላኪው ሳጂድ ጀይሉ ነው። በዚያው ኮሌጅ የዕፅዋት ሳይንስ መምህር፣ የልቧ ሰው። ልቧ በደስታ ዘለለ፣ ወዲያው ደግሞ በፍርሃት ቆመ። በቆላው የሰሊጥ ሰው ዘንድ በአጨዳ መካከል ሽማግሌ አይላክም። ዝናቡ፣ ንፋሱ፣ ፍሬ መጣጩ ትኋን ሰሊጡን ሊነጥቀው ሲያደባ ባለእርሻን ቁጭ በል ማለት ነውር ነው፤ የተላኩትም ሽማግሌዎች ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ይመለሳሉ፤ አንዴ የተመለሰ ሽማግሌ ደግሞ ሁለተኛ አይሄድም። ሳጂድ የወሎ ልጅ ነው። ይህንን ከየት ያውቀዋል?

ፈጥና ጻፈች፦ «ሳጂድ፣ ሽማግሌ እንዳትልክ። እባክህ።» መልእክቱ ሄደ።

ምክንያቱን ግን መጻፍ አልፈለገችም። እንዲህ ያለው ነገር ሲጻፍ ይደርቅባታል፤ ድምፄን ይስማና ይረጋጋ ብላ የማይክሮፎኑን ምልክት ተጫነችና ስድስት ደቂቃ ሙሉ ተናገረች። ስትጨርስ ላከችው። በመልእክቱ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች፣ አሁንም ዞረች። ከዚያ ስልኩ ጠፋ።

«ደርሶ ይሆናል» አለች ለራሷ፣ ጥቁሩን መስተዋት በእጇ መዳፍ እየጠረገች። ከጉብታዋም ወረደች።

* * *

ሳጂድ መተማ የመጣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከሩፊዳ ጋር የተዋወቁት በጠብ ነበር።

ያን ጊዜ የኮሌጁ ዲን ስልክ ይዞ ክፍል የገባን ተማሪ ያስወጡ ነበር። በመምህራን ስብሰባ ላይ ሩፊዳ ተነስታ፣ «ተማሪዎቻችን በአጨዳ ሰዓት አብደራፊና ሽንፋ ገብተው ይቀራሉ። ትምህርቱን በቴሌግራም ብንልክላቸውስ?» አለች። አዲሱ መምህር ሳጂድ እጁን አወጣና፣ «ቴሌግራም የተፈጠረው ለወሬ ነው። ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው» አለ። ዲኑ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሩፊዳ ዞር ብላ አየችው። «ግድ የለም፣ ጥቅምት ይድረስልህ። ወንበሮቹን ታስተምራቸዋለህ» አለችው።

ጥቅምት ደረሰ። ከአርባ አንድ ተማሪ ዘጠኝ ቀረ። ሳጂድ ለአንድ ሳምንት ወንበሮቹን አስተማረ። በሳምንቱ ሰኞ የሩፊዳን ቢሮ አንኳኩቶ በሩ ላይ ቆመ። «እሺ» አለ ጫማውን እያየ። «አስተምሪኝ።»

ያን ቀን ነው የወደደችው። ዕውቀቱን አይደለም፤ ሽንፈቱን የያዘበትን መንገድ ነው የወደደችው።

«የሰሊጥ ክፍል» የሚባል የቴሌግራም ቻናል ከፈቱ። ቪዲዮ ከባድ ነው፣ ሥዕልም ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ትምህርቱ በድምፅ ሆነ፣ ከአምስት ደቂቃ የማይበልጥ። እሷ እንደማታውቅ ሆና ትጠይቃለች፤ እሱ ይመልሳል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ትይዩ ተቀምጠው፣ አንድ ስልክ በመካከላቸው አኑረው ይቀዳሉ። ስልኩ ድምፃቸውን እኩል እንዲይዝ ሁለቱም ጎንበስ ማለት አለባቸው። ሁለቱም ስለ ሰሊጥ ሥር መበስበስ እያወሩ ዓይን ለዓይን ሲጋጩ፣ ሳጂድ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ይረሳና እንደገና ይቀዳል። አንዳንድ ቀን አራት ጊዜ ይቀዳል።

ኔትወርክ ጨርሶ ለሌለባቸው እርሻዎችስ? ገበያው ውስጥ ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች አሉ። እዚያ ትምህርቱን ሚሞሪ ካርድ ላይ ያስጭኑና በፌስታል ጠቅልለው ለትራክተር ሾፌሮች ይሰጣሉ። ተማሪዎቹ እርሻ ላይ ሰምተው፣ መልሳቸውን በዚያው ካርድ ላይ ቀድተው ከመጀመሪያው ሰሊጥ ጋር ይመልሳሉ። ካርዱ ሲመጣ ሳጂድ ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ እያንዳንዱን ድምፅ ያዳምጣል። ይህ ልማዱ ነው፤ የተማሪ ስህተት ሰው ፊት አይሰማም ይላል። ዲኑ እንኳ በሁለተኛው ዓመት ስልክ መከልከላቸውን ረስተው «የኛ ቴሌግራም» ማለት ጀምረዋል።

የማይነገር አንድ ነገር ግን በመካከላቸው ነበር። የሳጂድ አባት ጀይሉ ለአራት አጨዳ ከወሎ እየወረዱ የሐጂ ኡመይር ሳሉግ ነበሩ። የሐጂ ግቢ መተማ ከተማ ውስጥ ሁለት በር አለው፤ አንዱ በአስፋልቱ በኩል ለእንግዳ፣ ሌላው በጓሮ በኩል ለሳሉግ። «የዋናው በር ቀለም ምን እንደሆነ እንኳ አላውቀውም» ብለው አባቱ አንድ ቀን እየሳቁ ነግረውታል። ሳጂድ ግን አልሳቀም። መተማ ከመጣ ጀምሮ በዚያ በር ፊት ለፊት ባለፈ ቁጥር ቀለሙን ያያል። አረንጓዴ ነው።

እንግዲህ ያ ሐሙስ። ሳጂድ ከመስጊዱ አጥር ሥር ቆሞ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ስለ መኪናው እየተነጋገረ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«ሳጂድ፣ ሽማግሌ እንዳትልክ። እባክህ።»

ተከትሎ የሚመጣ ነገር ይኖራል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም። ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ማግኘት አይችሉም» የምትለዋ ሴት መለሰችለት። በእሱ ጆሮ ግን ስልኩን የዘጋችው ሩፊዳ ነበረች። አረንጓዴው በር በዓይኑ ላይ ድቅን አለ። «ለካ እሷም የጓሮውን በር ነው የምታሳየኝ» አለ በልቡ።

ሽማግሌዎቹን ይቅርታ ጠየቀና አሰናበታቸው። ከዚያ አንዲት ቃል ጽፎ ላከ፦ «እሺ።»

ቢሮ የምትጋራው መምህርት ማስተዋል የጎንደር ሴት ናት፤ ከእሱ አሥር ዓመት ትበልጠዋለች፣ ፊቱን አይታ ነገሩን ለማወቅ ደቂቃ አልፈጀባትም። «ኧረ አንተ ልጅ፣ በሁለት መስመር ጽሑፍ ሰው ይፈርዳል እንዴ? ለምን እንዳለች ጠይቃት እንጂ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!» አለችው።

«ጠየቅኋት። መለሰችልኝ» አላት።

በሳምንቱ ከኮምቦልቻ አንድ መምህር ለዝውውር ልዋጭ እንደሚፈልግ ሰማ። ማመልከቻውን ጽፎ ሲፈርም እጁ አልተንቀጠቀጠም። እሱን ያስፈራው ይኸው ነበር።

* * *

ሩፊዳ ስልኳን በእርሻው ሶላር ቻርጅ አድርጋ፣ ሥራ ፋታ ሰጥቷት ጉብታዋ ላይ የወጣችው ከአራት ቀን በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየችው «እሺ» የሚለውን ነው። ከዚያ ቀና ስትል የእሷ ስድስት ደቂቃ ድምፅ እዚያው እንደተቀመጠች አየች፤ በጎኗ ቀይ ምልክት ወጥቶባታል። አልሄደችም። ሳጂድ የሰማው «አትላክ» የሚለውን ብቻ ነው። ሰምቶም «እሺ» ብሏል።

መሬት ላይ ቁጭ አለች። ልትጽፍለት ስልኩን አነሳች፤ ያን ቀን ግን ኔትወርኩ ራሱ አልነበረም። በማግስቱም አልነበረም። ሽንፋ ያለው ማማ ተበላሽቷል አሉ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ጉብታዋን ስትወጣ ስትወርድ ያዩዋት ሳሉጎች «የሐጂ ልጅ ከሰማይ ጋር ምን ነገር ኖሯት ነው?» እያሉ ይጠያየቁ ነበር።

ወረቀት ጽፋ በትራክተር ሾፌሩ በአብዱልሀኪም ለመላክ አሰበች። ግን የሐጂን ልጅ ደብዳቤ ለወንድ የሚያደርስ ሾፌር ሥራው የሰለቸው ብቻ ነው። አብዱልሀኪም ደግሞ ሥራውን ይወዳል።

በዚህ መካከል እርሻው ላይ አንድ ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ ይሰማል። የሳጂድ ድምፅ ነው። አብዱልሀኪም ስፒከሩን ከትራክተሩ ጋር በገመድ አስሮ የትምህርቱን ካርድ ከፍቶ ይለቀዋል፤ ተማሪዎቹም ሳሉጎቹም እያጨዱ ይሰማሉ። «ሂላ ከጢሻ ዳር አይቆምም፤ ሰሊጥ የሚመጥጠው ትኋን ከጢሻው ነው የሚመጣው» ይላል ሳጂድ። «ታዲያ የት ይቁም?» ትላለች ሩፊዳ፣ ያውም ያለፈው ዓመት ሩፊዳ፣ በሳቅ የታፈነች። ሐጂ ኡመይር ይህንን ሰምተው አርባ ሂላ ከጢሻው ዳር አስነስተዋል። ጎረቤታቸው አላስነሳም ነበርና ግማሹ ገለባ ሆኖበታል።

«ይሄ ልጅ ያወቀ ነው፣ ወላሂ» አሉ ሐጂ አንድ ቀን ምሳ ላይ። «የማን ልጅ ነው?»

ሩፊዳ ዓይኗን ከገበታው አላነሳችም። «የወሎ ልጅ ነው፣ አባዬ» ብላ አለፈችው።

የመጀመሪያዎቹ ሂላዎች ደርቀው ተራገፉ። ትራክተሩ ተጎታቹን ሰሊጥ ጭኖ ወደ መተማ ሊሄድ ነው። እርሻው ላይ ያሉት አሥራ አንድ ተማሪዎች የቤት ሥራ መልሳቸውን ካርዱ ላይ ቀድተው ለመምህርታቸው አመጡላት። ሩፊዳ ካርዷን በመዳፏ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ሳጂድ የተማሪ መልስ ብቻውን ነው የሚሰማው። ኒም ዛፍ ሥር። ማንም ሳይኖር።

ከሰሊጥ ጆንያዎቹ ኋላ ተቀምጣ አሥራ ሁለተኛውን ድምፅ ቀዳች። ካርዷን በፌስታል ጠቅልላ ለአብዱልሀኪም ሰጠች። «የተማሪዎች መልስ ነው፤ ለመምህር ሳጂድ በእጁ» አለችው። ትራክተሩ ተነሳ፤ በረጅሙ ተነፈሰች።

ያኔ ነው አባቷን ያየቻቸው። ሐጂ ኡመይር ጋቢያቸውን አጣፍተው ትራክተሩን አስቆሙና የኋላ ጎማው ፓራፋንጎ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ሽንፋ ድረስ ሊሸኙ ነው። አብዱልሀኪም ደግሞ እንደ ልማዱ ፌስታሉን ፈታና ካርዷን ስፒከሩ ውስጥ ሰካ። መሥራት አለመሥራቷን ሳያረጋግጥ ካርድ አያደርስም።

«ስሜ ሰዓዲያ፣ መለያ ቁጥር…» አለ ስፒከሩ።

ሩፊዳ ሮጠች። ጫማዋ ታጭዶ በቀረው የሰሊጥ ቆረን ውስጥ ቀረ። «አብዱልሀኪም! ጠብቅ!» አለች፤ ሞተሩ ግን ከእሷ ድምፅ ይበልጣል። አሥራ አንድ መልስ አለ፤ ከዚያ በኋላ የእሷ። ሦስት ሰዓት መንገድ አለ። ትራክተሩ በአቧራው ውስጥ እያነሰ ሄደ። ባዶ እግሯን እርሻው መሐል ቆማ፣ በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ድምፅ እንዲጠፋ ለምና አታውቅም።

* * *

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አብዱልሀኪም ኮሌጁ ድረስ መጥቶ ካርዷን ለሳጂድ ሰጠው። ዓይኑን ግን አላየውም። «በእጅህ ተባልኩ፤ በእጅህ ሰጠሁ» ብሎ ከክፍሉ በር ውጭ ኒሙ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ለምን እንደማይሄድ ሳጂድ አልጠየቀውም።

የመጨረሻ ቀኑ ነበር። ዝውውሩ ጸድቋል፣ ሻንጣው ታስሯል፣ የነገ ጠዋት መኪና ቲኬት ኪሱ ውስጥ ነው። ኮርሱን የምትረከበው ማስተዋል ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ከፊቱ ዘጠኝ ተማሪዎች አሉ። እንደ ድሮው ኒም ዛፍ ሥር ብቻውን ሊሰማ ቢያስብም አልቻለም። እዚያ ብቻውን ሲቀመጥ የሚመጣበትን ያውቀዋል። ካርዷን የክፍሉ ስፒከር ውስጥ ሰካ።

«ጥያቄው ይህ ነበር» አለ ሰሌዳውን እያየ። «ሰሊጥ ታጭዶ ወዲያው ለምን አይራገፍም? ለምን በሂላ ይቆያል? የእርሻ ጓደኞቻችሁን መልስ አብረን እንስማ።»

ሰዓዲያ መለሰች። ኩብራ መለሰች። ባንተአምላክ የሚባለው ተማሪ «ሳሉጉ እንዲያርፍ ነው» ብሎ መለሰና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳጂድም ፈገግ አለ፤ ከሦስት ሳምንት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። አሥረኛው አለፈ፣ አሥራ አንደኛው አለፈ።

«ለጥያቄው መልስ» አለ አሥራ ሁለተኛው ድምፅ።

ሳጂድ ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ።

«ሰሊጥ የሚታጨደው ጫፉ አረንጓዴ እያለ ነው። እስኪደርቅ ቆሞ ከተጠበቀ ከረጢቱ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል። ታጭዶ ወዲያው ቢራገፍ ደግሞ ፍሬው ከውስጥ አልለቅም ይላል። ስለዚህ ታጭዶ፣ በሂላ ቆሞ፣ ቀኑን ይጠብቃል። ይህንን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ መምህር ሳጂድ። ታዲያ አንተ እንዴት አልጠበቅኸኝም?»

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሳጂድ ስፒከሩን ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ፤ እጁ ግን መሐል መንገድ ላይ ቆመ።

«ዕረፍት ነው!» አለች ማስተዋል ብድግ ብላ። «ሁላችሁም ወደ ውጭ!»

«መምህርት፣ ገና ሃያ ደቂቃ…» አለ አንዱ።

«ዕረፍት ነው አልኩ እኮ! ለተማሪ ዕረፍት ሲሰጡት ይከራከራል እንዴ?»

ወጡ። እየተጋፉም እየተሳሳቁም አልነበረም፤ የታመመ ሰው ካለበት ቤት እንደሚወጣ ሰው ቀስ ብለው አንድ በአንድ ወጡ። የመጨረሻዋ ተማሪ በሩን እንዳይጮህ በሁለት እጇ ይዛ ዘጋችው። ማስተዋልም ስታልፍ ትከሻውን ነካ አድርጋው ወጣች። የሩፊዳ ድምፅ ቀጠለ።

«ስድስት ደቂቃ ድምፅ ልኬልህ ነበር። መንገድ ላይ ቀረ። ቀድሞህ የደረሰው ያ ክፉ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሽማግሌ እንዳትልክ ያልኩህ በእኛ አገር በአጨዳ ስለማይላክ ነው። ቢመጡ ይመለሱ ነበር፤ የተመለሰ ደግሞ ዳግም አይመጣም። ልትመለስብኝ አልፈለግሁም፤ ያ ብቻ ነው። የመጨረሻው ሂላ እስኪራገፍ ጠብቀኝ ልልህ ነበር።

«ምን እንዳሰብክ አውቃለሁ። ያን በር ነው ያሰብከው። ስታልፍ በጎን ስታየው አይቼሃለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አይቼሃለሁ። ሳጂድ፣ እኔ እኮ በዚያ በር ውስጥ ነው ያደግሁት። አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው። ከበሩ ማዶ የሚወደድ ነገር እስካገኝ ድረስ ዕድሜዬን ሁሉ ወደ ውጭ ስመለከት ነው የኖርኩት።

«ለአባዬ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ፈራሁ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ያንተ ጥፋት ደግሞ ሌላ ነው። «እሺ» አልከኝ! ሁለት ዓመት ስለ አንድ የሰሊጥ ቅጠል ስትከራከረኝ ኖረህ፣ ለዚህ ለትልቁ ነገር እሺ አልክ። እንዴት እሺ ይባላል? እምቢ በለኝ እንጂ! ለምን በለኝ፣ አልቀበልም በለኝ፣ ተቆጣኝ። የምትወደኝ ከሆነ እምቢ በለኝ።»

ከዚያ የትንፋሿ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ቀረጻው እዚያ ላይ አለቀ።

ሳጂድ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ጠመኔው ጉንጩን ነጭ አደረገው። ሰው እንዲህ ደስ እያለው እንዲህ ያፍራል? ሁለቱም በአንድ ላይ መጡበትና የትኛውን ቀድሞ ማልቀስ እንዳለበት አላወቀም።

ስፒከሩ ግን አላቆመም። አሥራ ሦስተኛ ድምፅ ነበረው።

* * *

መጀመሪያ የትራክተር ሞተር ጮኸ። ከዚያ ጠፋ። ንፋስ ተሰማ። ከዚያ አንድ ጎርናና ድምፅ፦

«ይሄ ነገር ይቀዳል? ቀድቷል? ተማም።» ጉሮሮ ተጠረገ። «መምህር፣ እኔ ኡመይር ነኝ።»

ሳጂድ ሳያስበው ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ።

«ስንት ቀን ሙሉ ድምፅህን ስሰማ ነበር። ልጄ ስትጠይቅ፣ አንተ ስትመልስ፣ ሳሉጎቹ እርስ በርስ እየተያዩ ይስቁ ነበር። በሰሊጥ ትኋን ምን ያስቃል እል ነበር። ለካ ፍቅርና ሳል አይደበቅም፤ እርሻው ሁሉ ሰምቶ እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁ። ዛሬ ግን ሰማሁ። አልዋሽህም፣ ተቆጣሁ። ይህንን ሾፌር አቁም አልኩትና ወርጄ መንገድ ላይ ቆምሁ። የማን ልጅ ነው አልኩት። ነገረኝ።»

ንፋሱ ብቻ ይሰማል።

«ጀይሉን አውቀዋለሁ። አንድ ዓመት በጥቅምት ያልታሰበ ዝናብ መጣ። ሳሉጉ ሁሉ ተበተነ። እሱ ብቻውን ከእኔ ጋር ሂላ ሲያለብስ ዋለ፤ የራሱን ልብስ ሳይቀር አውልቆ አለበሰው። አጨዳው ሲያልቅ መተማ በጓሮ በር መጣ፣ በጓሮ በር ሄደ። ግባና ተቀመጥ አላልኩትም። ሰው ሲሸመግል ያላደረገው ነገር ነው የሚከነክነው። ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ዛሬ መንገድ ላይ ቆሜ ትዝ አለኝ።

«እንግዲህ ስማ። በአጨዳ ሽማግሌ አይላክም፤ ልጄ እውነቷን ነው። ኅዳር አጋማሽ የመጨረሻው ሂላ ሲራገፍ ላክ። የመስጊድ ሽማግሌ አልፈልግም። ጀይሉ ራሱ መተማ ቤቴ ይምጣ። ለልጄ እኔው ተመልሼ እነግራታለሁ፤ ሽንፋ አልሄድም፣ ከዚሁ በእግሬ እመለሳለሁ። ባዶ እግሯን ስትሮጥ አይቻታለሁ። አላወቅሁም ነበር ለምን እንደሆነ። ኸላስ።»

ሳጂድ ካርዷን ነቅሎ ወደ ውጭ ሲወጣ አብዱልሀኪም ኒሙ ሥር ብድግ አለ። ለምን ሳይሄድ እንደቀረ አሁን ገባው።

«መልስ ይኖራል ብዬ ነው» አለ አብዱልሀኪም መሬቱን እያየ፤ ፈገግታውን ግን መደበቅ አልቻለም።

ሳጂድ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ። እንደ ድሮው ሲቀዳ አራት ጊዜ አልተሳሳተም። አንድ ቃል ነበረችና።

«እምቢ!»

ካርዷ ላይ ጫናት፣ በፌስታል ጠቀለላት፣ ለአብዱልሀኪም ሰጠው። አብዱልሀኪም ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ ቁልፉን ዘጋ። ከበሩ ውጭ ሆና ሁሉንም የሰማችው ማስተዋል የመኪናውን ቲኬት እንዲሰጣት እጇን ዘረጋች። ሳጂድ ሰጣት፤ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ኅዳር ላይ ለሽማግሌው መምጫ እናስለውጠዋለን» አለችና ሄደች።

ብቻውን ሲቀር ወደ ወሎ ደወለ። አባቱ ከሩቅ አገር በሚመጣ ስልክ ላይ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት እየጮኹ አነሱ።

«ሳጂድ? ደኅና ነኽ ልጄ? ምን ሆንኽ?»

«ደኅና ነኝ፣ አባ። ሐጂ ኡመይር…» ብሎ ጀመረ። ድምፁ ስለሚቆራረጥ ሁሉንም ለመንገር ብዙ ጊዜ ፈጀበት። የሩፊዳን ነገር ነገራቸው። የሂላውንና የዝናቡን ነገር ነገራቸው። «ሽማግሌ ሆነህ አንተው እንድትመጣ ይፈልጋሉ፣ አባ። ቤታቸው። መተማ።»

ሳጂድ መስመሩ የተቆረጠ መሰለው። «አባ? ትሰማኛለህ?»

«አለሁ፤ አብሽር» አሉ ጀይሉ። ድምፃቸው ከመጮህ ወርዶ እንደ ልጅ ቀጠነ። «ሳጂድ… በየትኛው በር ነው የምገባ?»

ሳጂድ ወደ አስፋልቱ አቅጣጫ ዞረ።

«በዋናው ነው፣ አባ። በአረንጓዴው።»

«አረንጓዴ ነው እንዴ?» አሉ አባቱ። ከዚያ ሁለቱም ስልኩን ሳይዘጉ ዝም አሉ፤ መስመሩም ለአንዴ እንኳ አልተቆረጠም።